ወረቀቱን አሁን አትፈርሙ፤ ጣታቸውን ግን ዛሬውኑ አሳዩ

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ የ61 ዓመት ሴት ናት። እንጀራ እየጋገረች ለሦስት ምግብ ቤቶችና ለሁለት ሱቆች በማስረከብ ነው ያሳደገችን። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ዝናብ በሚያካፋበት ጠዋት፣ ሰፈራችን ወዳለ አንድ ሱፐርማርኬት ስትገባ ወለሉ እየተወለወለ ነበር። የማስጠንቀቂያ ምልክት የለ፣ በሩ ላይ ምንጣፍ የለ። አዳልጧት ቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። ጥበቃዎቹ አንሥተው፣ ውሃ አጠጥተው፣ በታክሲ ቤት አደረሷት። ጎረቤቶች ‹ወለምታ ነው› ብለው ወጌሻ ጠሩላት፤ በቅቤ አሽቶ በቀርከሃ ጠፍሮ አሰራት። ሌሊቱን ስትጮኽ አድራ በማግሥቱ ራጅ ስትነሣ አንጓዋ ላይ አጥንቷ ተሰብሯል ተባለ፤ ጀሶ ተደረገላት። አሁንም ጣቶቿ እንዳበጡ ናቸው፣ ሌሊት ሌሊት ይደነዝዙኛል ትላለች።

ከትናንት በስቲያ የሱፐርማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ ብርቱካን፣ 5,000 ብርና ‹ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም› የሚል የተተየበ ወረቀት ይዞ መጣ። ብሩን ተቀበልን፤ ወረቀቱን ‹እናስብበት› ብለን አቆየነው። እናቴ ‹እግዜር ያመጣው ነው፣ ሰው አልከስም፤ ደግሞ ያቺ ወለሉን የምትወለውለው ምስኪን ልጅ ትባረራለች› ትላለች። አሜሪካ ያለው ወንድሜ በበኩሉ ‹ጠበቃ ያዙ፣ ሚሊዮን ጠይቁ› እያለ በየቀኑ ይደውላል። እኔ መሀል ላይ ቆሜአለሁ። ምን ላድርግ?»

የበኩር ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እኅቴ፣ ስለ ወረቀቱም ስለ ጠበቃውም እመለስበታለሁ። አስቀድመሽ ግን ወደ እናትሽ ሂጂና ከጀሶው የወጡትን ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እዪ። የቀኙን እጅ ጥፍር ጫን ብለሽ ልቀቂው፤ ነጥቶ የነበረው በሁለት ሰከንድ ያህል ውስጥ ወደ ሮዝነቱ መመለስ አለበት። ከግራ እጃቸው ጋር አስተያዪው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ እሳቸው ሊያንቀሳቅሷቸው ካልቻሉ፣ ወይም አንቺ ቀስ ብለሽ ስትዘረጊያቸው ሕመሙ በማስታገሻ የማይበርድ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቂ። እብጠቱ ጀሶው ውስጥ መሄጃ ሲያጣ የደም ሥሩን ያፍናል። የታፈነ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ የሚመልሰው ሐኪም የለም።

ከዚህ ሁሉ አንዱም ባይኖር እንኳ ያ የሌሊት መደንዘዝ ብቻውን ዛሬ ወይም ነገ ሐኪም ጋ ያስኬዳል። የሚደነዝዛቸው አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሀል ጣት እንደሆነ ጠይቂያቸው። በእጅ አንጓ መሀል የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ እነዚህን ሦስቱን የሚያገለግለው እሱ ነው፣ አንጓ ሲሰበርም ብዙ ጊዜ የሚጨፈለቀው እሱ ነው። ሐኪሙ ጀሶውን ሰንጥቆ ሊያላላው ወይም ሊቀይረው ይችላል። እናንተ ግን ቤት ውስጥ በቢላም ሆነ በመቀስ አትሞክሩት። እስከዚያው ቀለበት ካለ ይውለቅ። ሲተኙ እጃቸውን ሁለት ትራስ ላይ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪላቸው፣ ከልባቸው በላይ ይሁን። ጣታቸውን በየሰዓቱ እያጠፉ ይዘርጉ። ሲታጠቡ ጀሶውን በፌስታል ሸፍኑት፤ ቢበላቸውም እንጨት ወደ ውስጥ እንዳይሰዱ።

ሐኪም ፊት ስትቀርቢ ልትጠይቂያቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ራጁ መደገም እንዳለበት ነው። የተገጠመ አጥንት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ተንሸራትቶ ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ እናንተ ደግሞ አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ናችሁ። ሳይታይ ከተንጋደደ ተንጋዶ ይገጥማል፣ ያን ጊዜ ማስተካከያው ቀዶ ሕክምና ይሆናል። ሁለተኛው የአጥንታቸው ጥንካሬ ነው። ከቁመታቸው ከፍታ ብቻ ወድቀው አንጓቸው የተሰበረ፣ የወር አበባ ያቆሙ ሴት አጥንታቸው ሳስቶ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለባቸው። ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ ፈልጌ አይደለም። ዛሬ አንጓ የሰበረ መሳሳት ካልታከመ ነገ ዳሌ ሊሰብር ይችላል፤ የዳሌ ስብራት ደግሞ በዚያ ዕድሜ አልጋ ላይ የሚያስቀር ነገር ነው። ስለ ካልሲየም፣ ስለ ቫይታሚን ዲ፣ አስፈላጊም ከሆነ ስለ መድኃኒቱ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቂው።

ሦስተኛው ጭንቅላታቸው ነው። ሲወድቁ ጭንቅላታቸውን መትተው እንደሆነ በደብዳቤሽ አልገለጽሽም። ትልልቅ ሰዎች ላይ፣ በተለይ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱት ላይ፣ ጭንቅላት ውስጥ የሚንጠባጠብ ደም ከሳምንታት በኋላ ራሱን ሊያሳይ ይችላል። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ያለ ወትሮ እንቅልፍ ማብዛት፣ ንግግር መዘባረቅ ወይም አንድ ወገን መዛል ካየሽ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባው እሳትና አደጋ ደግሞ በ939 ይገኛል። ከመውደቃቸው በፊት ዞሮባቸው እንደነበረም ለይታችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ሰውን ሊጥል ይችላል።

ስለ ወጌሻው አንድ ነገር ልበል። ጎረቤቶችሽን አልወቅስም፤ ደርሰው የተቻላቸውን ያደረጉ ደጎች ናቸው። ወጌሻውም ክፉ አስቦ አይደለም። ይሁን እንጂ የተሰበረን አጥንት ማሸት ስብራቱን ያባብሰዋል፤ ያበጠን እጅ በቀርከሃ ጠፍሮ ማሰር ደግሞ የደም ዝውውሩን ይቆርጠዋል። በአገራችን ሆስፒታሎች የሚሠሩ የአጥንት ሐኪሞች ጠፍሮ በማሰር ምክንያት የሞተ እጅና እግር የቆረጡበትን ጊዜ ያውቁታል፤ ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። በማግሥቱ ፈትታችሁ ሐኪም ቤት መውሰዳችሁ የእናትሽን እጅ አድኖ ይሆናል። ከእንግዲህ «ጀሶው ይፈታና እንደገና ይታሹ» የሚል ዘመድ ቢመጣ ቡና አፍይተሽ አስተናግጂው፣ እጁን ግን አታስነኪው። ወጌሻው ማሸቱን ለሐኪሙም አትደብቁት፣ ነርቩን ሲመረምር ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

አትፈርሙት። ቁጣም ሙግትም አያስፈልገውም፤ በትሕትና «ሕክምናው ሳይጠናቀቅ አንፈርምም» ማለት ይበቃል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንዲህ ያለው ስምምነት የግልግል ውል ነው፤ ቁጥር 3312 ለተዋዋዮቹ ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጥረዋል። እናትሽ ዛሬ ፈርመው ከሁለት ወር በኋላ አንጓቸው አልታጠፍ ቢል፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ቢታዘዝላቸው፣ ያ አንድ ገጽ ወረቀት በሩን ዘግቶ ይጠብቃቸዋል። እጃቸው ገና ጀሶ ውስጥ እያለ፣ ማን ምን ያህል እንደተጎዳ ሳይታወቅ፣ በብርቱካን ታጅቦ ለመጣ «ምንም ጥያቄ የለኝም» ለሚል ቃል ፊርማ መጠየቅ ትክክል አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ሰውየው ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ጨዋ አይደለም።

የተቀበላችሁትን 5,000 ብርም መመለስ አያስፈልጋችሁም። በምን ስም እንደተሰጠ ግን ይጻፍ። እኔ ብሆን ይህን ጽፌ እሰጠው ነበር፦ «በዚህ ቀን በሱፐርማርኬቱ ውስጥ በደረሰብኝ የመውደቅ አደጋ ምክንያት ለሕክምና ወጪ የሚውል 5,000 ብር ተቀብያለሁ። ገንዘቡ ከሚገባኝ ካሣ ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ቀሪውን የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው።» በሁለት ቅጂ አዘጋጂው፣ እሱም ይፈርምበት፣ አንዱ እናንተ ጋ ይቅር። እምቢ ካለ በሪኮማንዴ ላኪለት፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ራሱ ማስረጃ ነው።

በዚያው ደብዳቤ የአደጋው ቀን የደህንነት ካሜራ ቅጂ እንዳይጠፋ ጠይቂ። ይህ ነገ ከነገ ወዲያ የሚባል ነገር አይደለም። ካሜራዎቹ ማጠራቀሚያቸው ሲሞላ አሮጌውን እያጠፉ በላዩ ይቀርጻሉ፣ አሥራ አንድ ቀን ደግሞ አልፏል። ምናልባት አሁንም ይኖር ይሆናል። ባይኖርም «ጠይቀን ነበር» የሚል ቀን ያለበት ወረቀት በእጅሽ ይገኛል። ወደ ቦታውም ራስሽ ሂጂ። በዝናብ ቀን የመግቢያውን ሴራሚክ፣ ምንጣፍ አለመኖሩን፣ ምልክት አለመቆሙን በስልክሽ አንሺ። አሁን ምልክት አቁመው ከሆነ እሱንም አንሺው። ያነሷቸው ጥበቃዎች፣ ቤት ያደረሳቸው የታክሲ ሹፌር፣ አጠገባቸው የነበረ ገበያተኛ ካለ ስማቸውንና ስልካቸውን ያዢ። ሰው ከሰነበተ ይረሳል፣ ጥበቃም ሥራ ይቀይራል። እናትሽ ያን ቀን ያደረጉትን ጫማ ሳታጥቢ በፌስታል አስቀምጪ፤ «ሶሉ ያለቀ ጫማ አድርገው ነው የወደቁት» የሚል ክርክር መምጣቱ አይቀርም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ጉዳቱን መካስ አለበት ይላል። ሰው በሚገባና በሚወጣበት ሰዓት ሴራሚክ አርጥቦ ምልክት አለማቆም እንዲህ ያለ ጥፋት መሆኑን ማስረዳት ከባድ አይመስለኝም። የወደቁት የሕንፃው ደረጃ ወይም መደገፊያ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይበልጥ ይቀልላችሁ ነበር፤ ሕንፃው ራሱ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃልና። እርጥብ ወለል ግን የሰው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ማስረጃው የእናንተ ሸክም ነው። ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሣው ይቀነሳል፤ እንዳይባባስም የሚችለውን ማድረግ ይጠበቅበታል። የሐኪም ቀጠሮ አለማጓደል ለእጃቸው ብቻ ሳይሆን ለመብታቸውም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የሚካሰው ደግሞ የካርድና የመድኃኒት ብር ብቻ አይደለም። እናትሽ በቀኝ እጃቸው ሊጥ በጣሳ እየቀዱ ምጣድ ላይ የሚያዞሩ፣ ሰፌድ የሚያነሡ፣ ከዚያ እጅ ገቢ የሚያገኙ ሠራተኛ ናቸው። ጀሶው እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊቆይ ይችላል። ሲፈታም አንጓው ደርቆ ይገኛልና ፊዚዮቴራፒ ይከተላል፤ ያለ ፊዚዮቴራፒ ወዲያው ሁለት ምጣድ ላይ ቢቀመጡ ዳግም ይጎዳሉ። የእነዚህ ሁሉ ሳምንታት የቀረ ገቢ ይቆጠራል። «ደመወዝ የላትም፣ ደረሰኝ የላትም» የሚል መልስ ቢመጣ አትደንግጪ። ሦስቱ ምግብ ቤቶችና ሁለቱ ሱቆች በቀን ስንት እንጀራ ይረከቡ እንደነበር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቀረባቸው በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ይጻፉልሽ። ስንት ትእዛዝ እንደተሰረዘ አንቺም በደብተር መዝግቢ። ልኩ በትክክል ሊሰላ ባልቻለ ጊዜ ደግሞ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ብሎ ባመነበት ልክ፣ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል። እንደ እናትሽ ያለ ከመንግሥት መዝገብ ውጭ ለፍቶ የሚያድር ሰው የሚጠቀመው በዚህች አንቀጽ ነው። እጃቸው ከዳነ በኋላ እንደ ቀድሞው ካልሠራ፣ ሐኪሙ ወደ ሕክምና ቦርድ እንዲልካቸው ጠይቁ፤ ዘላቂ ጉዳቱን በመቶኛ የሚወስነው ቦርዱ ነው፣ ፍርድ ቤቶችም የሚመለከቱት ያንኑ ነው።

ወንድምሽ የሚለው ሚሊዮን ግን እዚህ የለም። አሜሪካ ውስጥ ዳኝነት ሰጪዎቹ ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ለሥቃይም ትልቅ ገንዘብ ይፈርዳሉ። በእኛ ሕግ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው። ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሥቃይና ለጭንቀቱ፣ በቁጥር 2116 የተቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። ብሩ በ1952 ዓ.ም. ቁም ነገር ነበረ። ዛሬ አንዲት እናት ሌሊቱን ሙሉ ለጮኹበት ሥቃይ ያችኑ 1,000 ብር ማቅረብ ያሳፍራል፤ መሻሻል የነበረበት ከብዙ ዘመን በፊት ነው። እስኪሻሻል ድረስ ግን ሕጉ ይኸው ነው፣ ስለዚህ ጉልበታችሁን በወጪውና በቀረው ገቢ ማስረጃ ላይ አውሉ። ለወንድምሽም የሚሠራው ቁም ነገር ስጪው፦ ጠዋት ማታ ከሚደውል የፊዚዮቴራፒውንና የሁለተኛውን ራጅ ወጪ ይላክ፤ ደረሰኙን አንቺ ያዢ፣ ያ ገንዘብም ከካሣው ይጠየቃል።

የእናትሽን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። «እግዜር ያመጣው ነው» ያሉትን እምነታቸውን አትሟገቺ። መውደቁን ከእግዚአብሔር ቢቀበሉም የሳሙናውን ውሃ ግን ሰው ነው ያፈሰሰው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል። ስለዚያች ልጅ የተሰማቸው ስሜት ደግሞ የሚያኮራ ነው፣ ሊከበርም ይገባዋል። ሠራተኛ በሥራው ላይ እያለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው እንደሚጠየቅ ቁጥር 2130 ይናገራል። ጥያቄያችሁን ለድርጅቱ ብቻ አቅርቡ። በደብዳቤው ላይም «በጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ቅሬታ የለንም፤ ምልክትና ምንጣፍ ማቅረብ የድርጅቱ ኃላፊነት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገቢ። እናትሽ ሲነበብላቸው እንደሚቀልላቸው አምናለሁ። ያቺ ልጅ በዚያው ወለል ላይ ራሷ ብትወድቅ ኖሮ ነገሩ የሥራ ላይ ጉዳት ይሆን ነበር፤ አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ጥፋት ሳይጠይቅ ሕክምናዋን በአሠሪው ላይ ይጥላል፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም ሙሉ ደመወዟን ያስከፍላል። ማንም ቢነግራት ደግ ነው።

«ሰው አልከስም» ማለታቸውም መብታቸው ነው። ሽምግልና አለ፣ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ሁለት የሚከበሩ ሰዎች ከእናንተ ወገን፣ ሥራ አስኪያጁ ወይም ባለቤቱ ከዚያ ወገን ተቀምጠው ይነጋገሩ። ስምምነቱ ግን ሕክምናው ሲያልቅ ይጻፍ፤ እስካሁን የወጣውን፣ ገና የሚወጣውን የፊዚዮቴራፒና የክትትል ወጪ፣ የቀረውን ገቢ በቁጥር ለይቶ ያስቀምጥ። ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ አይቶ ያንብበው። ለጠበቃ አቅም ካጣችሁ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንና የሕግ ትምህርት ቤቶችን የነፃ ድጋፍ ማዕከላት ጠይቂ። ሽምግልናው ካልተሳካ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክስ ይመሠረታል፤ የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ ሊፈቀድለት ይችላል። ፍርድ ቤትም ከገባችሁ በኋላ ጉዳዩ ወደ አስማሚ ሊመራ ስለሚችል፣ ክስ ማለት የግድ እስከ መጨረሻ መካሰስ አይደለም ብለሽ ንገሪያቸው።

ሽምግልናው ተንዛዝቶ ጊዜ እንዳይበላባችሁ ግን ተጠንቀቂ። በቁጥር 2143 መሠረት ካሣ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። እናትሽ የወደቁበትን ቀን በደብተርሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፊው፤ ሽማግሌዎቹም ዛሬ ነገ እያሉ ዓመት ከመንፈቅ ከሞላቸው ጠበቃ ያዢ። አሁን ግን ቦርሳሽን አንሺና እናትሽን ሐኪም ቤት ውሰጃቸው፤ የመጀመሪያውን ራጅ መያዝ አትርሺ።